የናሽቪል የትራንስፖርት ታክስ፦ የሚወራውና እውነቱ

የአሜሪካዋ ቴነሲ ግዛት ከተማ የናሽቪል መራጮች በኖቬምበር 5፣ 2024 ለአውቶቡስ፣ ለእግረኛ መንገድና ለትራፊክ መብራት የሚውል የሽያጭ ታክስ ጭማሪ አጸደቁ። ከፌብሩዋሪ 2025 ጀምሮ እየከፈልነው ነው። ቡና ላይ ስንገናኝ ግን ዛሬም የተሳሳተ ወሬ እሰማለሁ።

«ታክሱ በግማሽ ጨመረ» ይባላል። የጨመረው በግማሽ በመቶ ነው፤ ከ9.25 ወደ 9.75። መቶ ዶላር ላይ 50 ሳንቲም ማለት ነው።

«ምግብ አይነካም።» ይነካል። ቴነሲ ውስጥ የምግብ ታክስ ከሌላው ዝቅ ይላል እንጂ አይቀርም፤ እዚህ ከ6.25 ወደ 6.75 በመቶ ወጥቷል። የ60 ዶላር ጤፍ ብትገዙ 30 ሳንቲም ይጨመርባችኋል። ትንሽ ይመስላል። ግን ደሞዙ በአስቤዛ ለሚያልቅ ቤተሰብ ከሀብታሙ ይልቅ ይከብዳል። ታክሱን እደግፋለሁ፤ ተቃዋሚዎች ይህን ሲያነሱ ግን እውነታቸውን ነው።

መኪና ለመግዛት ያሰባችሁ አትስጉ። የአካባቢው ታክስ የሚታሰበው በአንድ ዕቃ የመጀመሪያ 1,600 ዶላር ላይ ብቻ ስለሆነ፣ ጭማሪው ከ8 ዶላር አያልፍም።

«በ2018 ጥለነው አልነበር?» ያ ሌላ ነው። የ2018ቱ እቅድ ቀላል ባቡርና መሀል ከተማ ላይ ዋሻ ነበረው፤ ከ100 መራጭ 64ቱ እምቢ አሉ። የአሁኑ ያተኮረው አውቶቡስ ላይ ነው።

«እኔ መኪና አለኝ፣ ምን ይጠቅመኛል?» እቅዱ ውስጥ ወደ 600 የሚጠጉ የትራፊክ መብራቶችን ማዘመን አለ። 86 ማይል የእግረኛ መንገድም አለ። ኖለንስቪል ፓይክ የሚባለው መንገድ ላይ ማታ ከሥራ የወጣች እናት፣ ፌስታሏን ይዛ፣ መኪና አጠገቧ እየበረረ ሣር ላይ ስትሄድ ያየ ሰው የዚህን ጥቅም አይጠይቅም።

ከንቲባው ገንዘቡን ለፈለገው ያውለዋል የሚሉም አሉ። የግዛቱ ሕግ አይፈቅድለትም፤ ድምፅ ለተሰጠበት የትራንስፖርት ፕሮግራም ብቻ ነው።

በጣም የሚያሳዝነኝ «ዜጋ አይደለሁም፣ አያገባኝም» የሚለው ነው። ድምፅ የሚሰጠው ዜጋ ነው፤ ካሸር ፊት ግን ሁላችንም እንከፍላለን። እቅዱ አውቶቡስ 24 ሰዓት እንዲሠራ ይላል። ሌሊት ኤርፖርት የምትሠሩ፣ ፈረቃችሁ ስንት ሰዓት እንደሚያልቅና የትኛው ፌርማታ እንደሚጨልም ከእናንተ በላይ የሚያውቅ የለም። ሕዝብ አስተያየት የሚሰጥበት ስብሰባ ላይ ገብታችሁ ተናገሩ፤ ፓስፖርት የሚጠይቃችሁ የለም።