የመስቀል ጦርነቶች ሃይማኖታዊና ፖለቲካዊ መነሻ

የምዕራብ አውሮፓ ክርስቲያኖች ኢየሩሳሌምን ከሙስሊሞች እጅ ለመውሰድ የዘመቱበት የመጀመሪያው የመስቀል ጦርነት የታወጀው እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1095 የሮማው ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዳግማዊ ኡርባን በፈረንሳይ ክሌርሞን በሰበሰበው ጉባኤ ላይ ነው።

የቅርብ ሰበቡ ከምሥራቅ መጣ። ሙስሊሞቹ የሰልጁክ ቱርኮች በ1071 በማንዚከርት የቢዛንታይኑን (የምሥራቁን የሮማ መንግሥት) ንጉሠ ነገሥት ሮማኖስ አራተኛን ድል አድርገው ከማረኩ በኋላ አብዛኛው ትንሹ እስያ (የዛሬዋ ቱርክ) ከቢዛንታይኑ መዲና ከቁስጥንጥንያ እጅ ወጣ፤ በኋላ የነገሠው ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ አሌክሲዮስ ኮምኔኖስም በ1095 መጀመሪያ ኡርባን በጣሊያን ወደ ሰበሰበው የፒያቼንዛ ጉባኤ መልእክተኞች ልኮ እርዳታ ጠየቀ። የፈለገው ግን በእርሱ ሥር የሚዋጋ ወታደር እንጂ በራሱ መሳፍንት የሚመራ ሠራዊት አልነበረም። ኢየሩሳሌምም ብትሆን በቱርኮች እጅ ከገባች ሃያ ዓመት አልፏት ነበር፤ ዘማቾቹ ሳይደርሱ በ1098 ፋጢማውያን የተባሉት የግብፅ ሙስሊም ገዥዎች መልሰው ስለያዟት፣ በ1099 የተወሰደችው ከእነርሱ ነው። የፋጢማው ከሊፋ አል-ሐኪም በ1009 የጌታን መቃብር ቤተ ክርስቲያን ሲያፈርስ እንኳ ከአውሮፓ ዘመቻ አልተነሣም። ስለዚህ የዘመቻው ዋና ምክንያት በምዕራቡ ዓለም ውስጥ ቢፈለግ ይሻላል።

በዚያን ጊዜ ጵጵስናው ጳጳሳትን ማን ይሹም በሚለው ጉዳይ ከጀርመኑ ንጉሥ ሄንሪ አራተኛ ጋር ይታገል ነበር። ሄንሪ ሌላ ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት አስሹሞ ስለነበር ኡርባን ብዙ ዓመታት ሮምን ተረጋግቶ ሊይዝ አልቻለም፤ የክርስቲያኑን ዓለም ለጦርነት መጥራት የዚያ ዓለም ራስ ማን እንደሆነ ማሳየትም ነበር። ቀዳሚው ጎርጎርዮስ ሰባተኛ በ1074 ራሱ ጦር እየመራ ወደ ምሥራቅ ለመዝመት አስቦ ነበር። ሄንሪም የፈረንሳዩ ቀዳማዊ ፊሊፕም ተወግዘው ስለነበሩ አንዳቸውም አልዘመቱም፤ አመራሩ በመሳፍንትና በርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳቱ እንደራሴ፣ በለ ፑዊው ጳጳስ አዴማር፣ እጅ ወደቀ።

ሃይማኖታዊው ሥር ከዚህ ይልቃል። ቤተ ክርስቲያን ከ10ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ የባላባቶችን የእርስ በርስ ግጭት ለመግታት ስትጥር ቆይታለች፤ ለእነዚህ ሰዎች መግደል ሙያም ኃጢአትም ነበር። የክሌርሞን ጉባኤ ለክብር ወይም ለገንዘብ ሳይሆን ስለ እምነቱ ብቻ የሚሄድ ሰው ጉዞው ስለ ኃጢአቱ በሚፈጽመው ቀኖና ሁሉ ፈንታ እንዲቆጠርለት ወሰነ። በዚህም እስከዚያ ድረስ ባዶ እጅ የሚፈጸመው ንግደት ከሰይፍ ጋር ተጣመረ። መሬት ፍለጋ ነው የሚለው የተለመደ ማብራሪያ ብቻውን አያስኬድም፤ ብዙዎች ለስንቅና ለፈረስ ርስታቸውን ሸጠዋል ወይም አሲዘዋል።

ጥሪው ግን ከርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳቱ ቁጥጥር ወጣ። መሳፍንቱ ሳይነሡ በ1096 የጸደይ ወራት፣ የክርስቶስን ደም እንበቀላለን የሚሉ ጭፍሮች በራይን ወንዝ ዳር ከተሞች በሚኖሩ አይሁድ ላይ ተነሡ፤ በሽፓየር የከተማው ጳጳስ አብዛኞቹን ቢያተርፍም፣ በዎርምስና በማይንዝ በጳጳሳቱ ግቢ የተጠለሉት ሳይቀሩ ተገደሉ።