«የቆምኩበት ቦታ የአየር ሁኔታ» ሲባል ምንድን ነው?

«ጂፒኤሱ የት እንዳለሁ በአምስት ሜትር ልዩነት ካወቀ፣ መተግበሪያው ሙቀቱን እንዴት ይሳሳታል?» የምትለዋን ክርክር ስንት ጊዜ ሰምቼ ዝም እንዳልኩ እኔ ነኝ የማውቀው። አሁን ግን ይባስ ብሎ አንዱ «መፍትሔው በምንልከው የቦታ መጠቆሚያ ቁጥር ላይ ከነጥብ በኋላ ያሉትን አሃዞች መጨመር ነው» አለ። እንግዲህ በቃ።

ስልኩ ላቲቲዩድና ሎንጊቲዩድ (ቦታህን በሰሜን-ደቡብና በምሥራቅ-ምዕራብ የሚጠቁሙ ሁለት ቁጥሮች፣ አንድ ላይ ኮኦርዲኔት) ይልካል፣ ሰርቨሩ ይመልሳል። ይሄን ማንም ያውቃል። የሚዘነጋው መልሱ ከየት እንደሚመጣ ነው። አንተ በቆምክበት ማንም ቴርሞሜትር አልሰቀለም። አብዛኛውን ጊዜ ቁጥሩ የሚመጣው ምድርን በሳጥን ከፋፍሎ የአየር ሁኔታን ከሚያሰላ የኮምፒውተር ሞዴል ነው፤ «አሁን» ተብሎ የተጻፈው ሙቀት እንኳ ብዙ ጊዜ ስሌት ነው። ጂኤፍኤስ የሚባለው የአሜሪካ ሞዴል ውጤት በሰፊው የሚሰራጨው በ0.25 ዲግሪ ልዩነት ነው፤ በምድር ወገብ ላይ 28 ኪሎ ሜትር ገደማ። የአውሮፓው የመካከለኛ ጊዜ ትንበያ ማዕከል ዋና ሞዴል ወደ 9 ኪሎ ሜትር ይወርዳል። ከነጥብ በኋላ ያለው ስድስተኛ የላቲቲዩድ አሃዝ ግን 11 ሴንቲሜትር ያህል ነው። ለዘጠኝ ኪሎ ሜትር ሳጥን 11 ሴንቲሜትር!

ትምህርት ቤት ሄደህ የአንድ ተማሪ ውጤት ጠየቅህ እንበል። ጸሐፊው ስሙን አይቶ ክፍሉን ይለይና የክፍሉን አማካይ ይነግርሃል። ስሙን እስከ አያት፣ እስከ ቅድመ አያት ብትጨምርለት መልሱ ያው ነው። አንዳንዱ ጸሐፊ ደግሞ ብልጥ ነው፤ የአራት አጎራባች ክፍሎችን አማካይ ወስዶ፣ ተማሪው ለየትኛው በር እንደሚቀርብ እያየ ይቀላቅልልሃል። ምሳሌዬ እዚህ ላይ ትንሽ ይጎረብጣል፣ ግን ሰርቨሮች የሚያደርጉት ይህንኑ ነው። ቁጥሩ ከቦታ ቦታ ቀስ እያለ ስለሚለወጥ የተለካ ይመስላል። የአማካዮች አማካይ ነው።

አንድ ባልደረባዬ «ኤፒአዩ (ፕሮግራማችን ከሰርቨሩ ዳታ የሚጠይቅበት መንገድ) ተበላሽቷል» ብሎ መጣ። 300 ሜትር የሚራራቁ ሁለት ነጥቦች ጠይቆ ሙቀቱም ንፋሱም እርጥበቱም አንድ ሆኖበታል። ምላሹ ውስጥ ያለውን ኮኦርዲኔት ከላከው ጋር አስተያይ አልኩት። አይገጥምም፤ የተመለሰው የሳጥኑ ነጥብ ነው። የአሜሪካ ብሔራዊ የአየር ሁኔታ አገልግሎት ይህን በግልጽ ነው የሚሠራው፦ መጀመሪያ ኮኦርዲኔት ትሰጠዋለህ፣ የ2.5 ኪሎ ሜትር ሳጥንህን ቁጥር ይሰጥሃል፣ ትንበያውን የምትጠይቀው በዚያ ቁጥር ነው። ኮኦርዲኔትህ በር ላይ ቀረ ማለት ነው።

ከአሃዝ ይልቅ ሊያስጨንቅህ የሚገባው ከፍታ ነው። በሞዴሉ ውስጥ ያለው ተራራ ተደልድሎ ዝቅ ያለ፣ ሸለቆውም የተሞላ ነው። ወደ ላይ ስትወጣ ሙቀት በየ1,000 ሜትሩ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ስለሚቀንስ፣ አንተ ከሳጥኑ አማካይ 400 ሜትር ከፍ ብለህ ከቆምክ 2.6 ዲግሪ ልዩነት አለ። ስለዚህ አገልግሎቱ ከፍታ የሚቀበል ከሆነ ላክለት። ከስልኩ ጂፒኤስ ሳይሆን ከመሬት ከፍታ ዳታ ውሰደው፤ ጂፒኤስ ወደ ላይና ወደ ታች ሲሆን ይበልጥ ይስታል። ደግሞ ጥርት ባለ፣ ንፋስ በሌለው ሌሊት ቀዝቃዛው አየር ወርዶ ሸለቆ ውስጥ ይተኛል፤ ያኔ የ6.5ቱ ሒሳብ ይገለበጣል። (ይሄን ማንም አልጠየቀኝም፣ አውቃለሁ።)

ለመጪዎቹ ደቂቃዎች ዝናብ ከራዳር የሚያነብ አገልግሎት ከሆነ ነገሩ ይለያል፤ እዚያ አንድ ኪሎ ሜትርም ዋጋ አለው። እሱም ቢሆን ሴንቲሜትር አይደለም።

የኖርዌይ ሜትሮሎጂ ተቋም ከአራት አሃዝ በላይ አትላኩ ይላል። እኔ ለተራ ትንበያ ሁለት ላይ እቆርጣለሁ፤ አንድ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ለሳጥኑ ይበቃል። ጎረቤታሞች አንድ ካሽ (አንዴ ተጠይቆ የተቀመጠ መልስ) ይጋራሉ፣ ሰርቨሩም ተጠቃሚዬ የትኛው ክፍል ውስጥ እንደተኛ አያውቅም። ቆርጠህም ሙቀቱ ጨርሶ የማይመስል ከሆነ ቅደም ተከተሉን እይ፦ ጂኦጄሰን (የካርታ ዳታ የሚጻፍበት ቅርጽ) ሎንጊቲዩድን ያስቀድማል፣ የብዙዎቹ የአየር ሁኔታ ኤፒአዮች ላቲቲዩድን። ተገለባብጠው ተልከው ይሆናል።