በዕዝ ኢኮኖሚ ዘመን የነበረችው ፖላንድ፦ የሚባለውና የሆነው

ስለ ሶሻሊስት ፖላንድ ሲወራ አንዱ «ደግ ዘመን ነበር፣ ሁሉም ርካሽ» ይላል። ሌላው «በ1989 ነፃ ወጡ፣ አለፈላቸው» ብሎ ይዘጋዋል። ሁለቱም ነገሩን አሳጥረውታል። (ቀኖቹ፣ ወሮቹና ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

«ሁሉም ርካሽ ስለነበር ኑሮ ቀላል ነበር»

ዋጋው እውነትም ዝቅ ያለ ነበር። ችግሩ ዕቃው አለመኖሩ ነው። ዋጋ የሚተምነው መንግሥት ስለሆነ የሥጋ ዋጋ የፖለቲካ ጉዳይ ነበር። በታኅሣሥ 1970 ገና ሊገባ ሲል ምግብ ላይ ዋጋ ተጨመረ። የባልቲክ ዳርቻ ከተሞች ሠራተኞች ወጡ፣ ተተኮሰባቸው፣ ከ40 በላይ ሰው ሞተ። በ1976 ደግሞ ተሞከረና አድማው ሲነሳ ጭማሪው በማግሥቱ ተሰረዘ። ዋጋውን መንካት ካልተቻለ የሚራቆተው መደርደሪያው ነው። ስኳር በዚያው ዓመት በራሽን ካርድ ሆነ። ሥጋ በ1981 ተከተለ፣ እስከ 1989ም ቆየ።

ወረፋው ራሱን የቻለ ሥርዓት ነበረው። ለፍሪጅ ወይም ለሶፋ የሚሰለፉ ሰዎች ኮሚቴ ያቋቁማሉ። ስም ይመዘገባል፣ ሰዓት ተቆጥሮ ይጠራል፣ ሲጠራ የሌለ ይሰረዛል። ገንዘብ ያለው የሚቆምለት ሰው ይቀጥራል፣ ብዙ ጊዜም ጡረተኛ። ምን እንደሚሸጥ ሳይታወቅ መሰለፍም የተለመደ ነበር፤ የተገኘው ጫማ ልክ ካልሆነ ከሌላ ሰው ጋር ይለዋወጡታል። የሽንት ቤት ወረቀት የቀናው ደግሞ ጥቅልሎቹን በሲባጎ ሰክቶ እንደ አበባ ጉንጉን አንገቱ ላይ አድርጎ ወደ ቤቱ ያዘግማል። የዘመኑ ፎቶዎች ላይ ይኸው ይታያል።

«ቢያንስ ሁሉም እኩል ነበር»

በዶላርና በመሰል የውጭ ገንዘብ የሚሸጥ «ፔቬክስ» የሚባል የመንግሥት ሱቅ ነበር። ውጭ አገር ዘመድ ያለው ጂንሱንም ቡናውንም ከዚያ ይገዛል። በአገሩ ገንዘብ በዝሎቲ የሚኖረው በመስታወት ያያል። ለፓርቲ ሰዎችና ለፖሊሶች ደግሞ መስኮታቸው በቢጫ መጋረጃ የተሸፈነ ሱቆች ነበሩ።

«ሁሉም ሥራ ስለነበረው ሠራተኛው ደስተኛ ነበር»

ሕዝቡ ራሱ «ቆምክም ተኛህም፣ ሁለት ሺህህ አትቀርም» እያለ በደመወዙ ይቀልድ ነበር። በሠራተኞች ስም የሚገዛውን መንግሥት የተገዳደረውም ያው ሠራተኛው ነው። በነሐሴ 1980 የግዳንስክ መርከብ ሠሪዎች አድማ መቱ። ከዚያ የተወለደው ነፃ የሠራተኛ ማኅበር ሶሊዳሪቲ በአንድ ዓመት ወደ 10 ሚሊዮን አባላት አፈራ። መልሱ በታኅሣሥ 1981 የታወጀው ወታደራዊ ሕግ ሆነ።

«ለውጡ የመጣው የበርሊን ግንብ ሲፈርስ ነው»

ግንቡ የተከፈተው ኅዳር ላይ ነው። ፖላንድ ከዚያ በፊት ጨርሳ ነበር። መንግሥትና ተቃዋሚ ከየካቲት እስከ ሚያዝያ 1989 ክብ ጠረጴዛ ዙሪያ ተደራደሩ። ሰኔ 4 ምርጫ ሆነ። ለፉክክር የተፈቀደው የታችኛው ምክር ቤት 35 በመቶ ብቻ ቢሆንም 161ዱንም ወንበር ሶሊዳሪቲ ወሰደው፤ ከሴኔቱ 100 ወንበር ደግሞ 99ኙን። በነሐሴ ታዴዎሽ ማዞቪዬትስኪ ኮሚኒስት ያልሆነ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነ።

«ዴሞክራሲ ሲገባ ኑሮም አብሮ ተስተካከለ»

ይሄኛው በጣም ያሳስታል። ጥር 1 ቀን 1990 የገንዘብ ሚኒስትሩ ባልሴሮቪች ፕላን ተጀመረ፤ አብዛኛው ዋጋ ተለቀቀ። ወረፋው ጠፋ፣ መደርደሪያው ሞላ፣ ኪስ ግን ባዶ ቀረ። የዚያ ዓመት የዋጋ ንረት ከ500 በመቶ አለፈ። ለዓመታት ተሰምቶ የማይታወቀው ሥራ አጥነት በ1993 16 በመቶ ገባ። በመንግሥት እርሻዎች ዙሪያ የሰፈሩ መንደሮች በተለይ ክፉኛ ተመቱ። በ1991 በተካሄደው የመጀመሪያው ፍጹም ነፃ የፓርላማ ምርጫ ድምፁ ተበጣጥሶ የቢራ ወዳጆች ፓርቲ ሳይቀር 16 ወንበር አገኘ (ቀልድ አይደለም)።

ኮሚኒስቶቹም «ተጠራርገው» አልጠፉም። ስማቸውን ቀይረው በ1993 በምርጫ ተመለሱ። በ1995 የፕሬዚዳንት ምርጫ የሶሊዳሪቲ መሪ የነበረውን ሌክ ዋሌሳን ያሸነፈው አሌክሳንደር ክቫሽኒየቭስኪ በኮሚኒስቱ መንግሥት ሚኒስትር የነበረ ሰው ነው። ፖላንድ በ1999 ኔቶን፣ በ2004 የአውሮፓ ኅብረትን ስትቀላቀል ፕሬዚዳንቷ እሱ ነበር።