ባለቤት ያለው ጫካ፦ የደጋው አገር የዛር፣ የአድባርና የጅብ ታሪኮች

በሰሜንና በመሀል ኢትዮጵያ ገጠር ያደገ ሰው ጫካን ባዶ ቦታ አድርጎ አያየውም። ባለቤት አለው። ዛፉ ቆሌ አለው፣ ምንጩ ጠባቂ አለው፣ ገደሉ ሥር የሚቀመጥ አለ። ልጆች ገና ከብት መጠበቅ ሲጀምሩ ሕጉ ይነገራቸዋል። በቀትር ወንዝ ዳር አትተኙ። ትልቅ ዛፍ ሥር አትሽኑ። ማታ አታፏጩ። በጨለማ በስማችሁ የጠራችሁ ሁሉ ሰው ላይሆን ይችላልና ቶሎ አቤት አትበሉ።

ከእነዚህ ውስጥ የቀትሩ ነገር የተለየ ነው። በብዙ አገር ተረት የሚያስፈራው እኩለ ሌሊት ነው። እኛ ዘንድ እኩለ ቀንም ያስፈራል። ፀሐይ አናት ላይ ስትወጣና እረኛው ሲያንቀላፋ ወንዝ ዳር ያለው ጫካ ጭር ይላል። በዚያ ሰዓት እዚያ ተኝቶ የታመመ ሰው «ለክፎት ነው» ይባላል። መዝሙረ ዳዊት 90 ላይ «ከአደጋና ከቀትር ጋኔን አትፈራም» የሚለውን ቃል የገጠር ሰው በየቀኑ የሚደግመው ያለ ምክንያት አይደለም። ሰዓቱንም ቦታውንም ያውቀዋል።

ከጫካው ባለቤቶች ዝነኛው ዛር ነው። አመጣጡ እንዲህ ይተረካል። ሔዋን 30 ልጆች ነበሯት። አንድ ቀን እግዚአብሔር ልጆቿን ሊያይ መጣ። እሷም ዓይን እንዳይበላቸው ፈርታ ቆንጆዎቹን 15 ልጆች ደበቀቻቸው። የተደበቁት በዚያው ተሰውረው ቀሩ። ከታዩት እኛ ተወለድን፣ ከተሰወሩት ዛሮች። መኖሪያቸውም ጫካው፣ ወንዙ፣ ሐይቁና ተራራው ሆነ። ይህን ታሪክ በጣም እወደዋለሁ፤ ምክንያቱም የሚያስፈራን ነገር ከሩቅ የመጣ ባዕድ ሳይሆን የተበደለ ወንድም ነው ይላል። ዛር ሰውን ሲይዝ የሚጠይቀውም የወንድም ድርሻ ነው፦ ልብስ፣ ሽቶ፣ ቡና፣ ቀለሙ የተመረጠ ዶሮ ወይም በግ።

አድባር ሌላ ነው። ዛር ሰውን ይይዛል፣ አድባር ቦታን ይጠብቃል። አብዛኛውን ጊዜ በትልቅ ዛፍ ትታወቃለች፤ ዋርካ፣ ሾላ፣ ዝግባ ወይም ወይራ ሊሆን ይችላል። ነገሩን በቅርብ ማየት ለሚፈልግ ግንቦት 1 ቀን ጥሩ ነው። ጎረቤት ደጅ ይወጣል። ቄጠማ ይጎዘጎዛል፣ ስንዴው፣ ባቄላውና ሽምብራው በአንድ ድስት ይቀቀላል፣ ዳቦ ይቆረሳል፣ ቡና ይፈላል። በቤተ ክርስቲያን ቀኑ የእመቤታችን ልደት ነው። ሐናና ኢያቄም ተሰደው በሊባኖስ ተራራ ስለወለዷት በዓሉ ደጅ ይከበራል፤ ንፍሮው ደግሞ በስደት እህል ፈጭቶ መጋገር አለመቻሉን ያስታውሳል። በአንዳንድ ቦታ ግን እናቶች በዚያው ዕለት የዛፉን ግንድ ቅቤ ይቀቡታል፣ ከአቦሉ ቡናና ከንፍሮው ጥቂት ሥሩ ላይ ያፈሳሉ፣ «አድባሯ ትጠብቀን» ይላሉ። ሰባኪዎች ይህን አጥብቀው ይቃወማሉ። ብዙ እናቶች ግን በልደታና በአድባሯ መካከል ጠብ አይታያቸውም። ከተማ ውስጥም ልማዱ አልጠፋም፤ ኮንዶሚኒየም ግቢ ውስጥ ሳይቀር ንፍሮ ይቀቀላል።

ተቃውሞው አዲስ አይደለም። አፄ ዘርዓ ያዕቆብ (እ.ኤ.አ. 1434–1468) ለመናፍስት የሚሰግዱትን ክፉኛ አሳድደዋል። ሕዝቡ በክንዱ ላይ ሰይጣንንና «ደስክ» የተባለውን መንፈስ የሚክድ ቃል እንዲጻፍበት አዘዋል። የሚደንቀው ግን በወጨጫ ተራራ ያለውን የመናገሻ ሱባ ጽድ ደን ያስተከሉት እሳቸው ናቸው ተብሎ መተረኩ ነው። የዛፍ መንፈስን ያሳደዱ ንጉሥ በዛፍ ይታወሳሉ።

ደብተራም በጫካ ድርሻ አለው። ሥር ማሽ ቅጠል በጣሽ የሚባለው ሰው መድኃኒቱን በፈለገው ሰዓት አይነቅልም። ፀሐይ ሳትወጣ፣ ምንም ሳይቀምስ፣ ከሰው ጋር ሳይነጋገር ይሄዳል። ቀኑም ይመረጣል።

ማታ ሲሆን ደግሞ የጅብ ተራ ነው። ቡዳ ሌሊት ጅብ ይሆናል የሚለው እምነት በመላው ደጋ የታወቀ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በትግራይ የኖረው እንግሊዛዊ ናትናኤል ፒርስ፣ ጆሮው ላይ የወርቅ ጉትቻ ያለው ጅብ አይቻለሁ ብሎ ጽፏል። ኮፊን የተባለ ጓደኛው ያጋጠመውንም ይተርካል። አንድ አገልጋዩ ገና ሳይመሽ እስከ ነገ ፈቃድ ይጠይቀዋል። ኮፊን ፈቅዶ ዞር ከማለቱ ሌሎቹ አገልጋዮች «እዩት፣ ጅብ ሆነ!» ብለው ጮኹ። ቢያይ ልጁ የለም፤ ሜዳው ላይ ጅብ ይሮጣል፣ መደበቂያ ቁጥቋጦ እንኳ በአካባቢው የለም። ልጁ በማግስቱ ጠዋት ተመለሰ።

ታሪኩ ማታ እሳት ዳር ሲወራ ይጥማል። ዋጋውን የከፈሉት ግን ሰዎች ናቸው። ቡዳ የሚለው ስም የተለጠፈው ብረት በሚቀጠቅጡት፣ ሸክላ በሚሠሩትና በቆዳ ፋቂዎች ላይ ነው። በጎንደር ዙሪያ ቤተ እስራኤላውያን (የኢትዮጵያ አይሁዶች) ርስታቸውን ተነጥቀው በእጅ ሥራ ሲተዳደሩ ይኸው ስም ተለጠፈባቸው። ማረሻ የሠራላቸውን ሰው ቀን ይፈልጉታል፣ ሌሊት ይፈሩታል። በ1984 እና በ1991 እ.ኤ.አ. ወደ እስራኤል የሄዱት አረጋውያን ይህን ስድብ ከልጅነታቸው ጀምሮ ሰምተውታል። የአድባርን ታሪክ በደስታ አወራለሁ፣ የቡዳን ግን ይህን ሳልጨምር አላወራም።

የቤተ ክርስቲያን ደን ሌላው ባለቤት ያለው ጫካ ነው። እዚህ የሚፈራው ስውር ባሕታዊ ነው። ቅዱሳን በዛፎቹ መካከል ሳይታዩ ይጸልያሉ፣ ለተመረጠ ሰው ብቻ ይገለጣሉ ይባላል። ደኑ የቤተ ክርስቲያኑ ልብስ ስለሆነ መቁረጥ ማራቆት ነው። በደቡብ ጎንደር ከላይ ሲታይ ቡናማ ማሳ መሀል ክብ አረንጓዴ ነጥብ የሆነው ሁሉ እንዲህ የተጠበቀ ነው። ብዙዎቹ ጥቂት ሄክታር ብቻ ናቸው። ሰው ቢፈራም ከብት አይፈራም፤ ገብቶ ችግኙን ይበላል፣ ይረግጣል። የደን ተመራማሪው ዓለማየሁ ዋሴ ከካህናቱ ጋር ሆነው በደኖቹ ዙሪያ የድንጋይ አጥር እንዲሠራ ያስተባበሩት ለዚህ ነው። ድንጋዩ ከገበሬው ማሳ ይለቀማል፤ ማሳውም ለማረስ ይቀላል።