የእግር ደም ቧንቧ ጥበትና ስቴንት፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

ሲራመዱ ባትን ጨምድዶ የሚይዝ፣ ቆም ሲሉ በጥቂት ደቂቃ የሚለቅ ሕመም ብዙ ጊዜ ወደ እግር ደም የሚያደርሰው ቧንቧ መጥበቡን ያመለክታል። ስቴንት ደግሞ የጠበበውን ቧንቧ ከፍቶ እንዲይዝ ውስጡ የሚቀመጥ ትንሽ የብረት መረብ ቱቦ ነው።

«ቧንቧው ከጠበበ ስቴንት የግድ ነው»

አይደለም። ሲራመዱ ብቻ ለሚመጣ ሕመም ከመድኃኒት ጋር መጀመሪያ የሚታዘዘው ራሱ የእግር ጉዞ ነው፤ በሳምንት 3 ቀን፣ በእያንዳንዱ ጊዜ ከ30 እስከ 60 ደቂቃ፣ ቢያንስ ለ12 ሳምንት። ሕመሙ ጠንከር እስኪል ይራመዳሉ፣ እስኪለቅ ያርፋሉ፣ እንደገና ይነሳሉ። ብዙዎች ለውጥ የማያዩት ባታቸው ገና ቆንጠጥ ሲያደርጋቸው ስለሚያቆሙ ነው። ስቴንት የሚታሰበው ይህ ተሞክሮ ሕመሙ አሁንም ሥራና ኑሮ ሲያውክ ነው። ሌሊት ተኝተው እግራቸውን ለሚያማቸው ወይም የማይድን ቁስል ላለባቸው ግን 12 ሳምንት መጠበቅ አደገኛ ነው፤ እግሩ ራሱ ሊታጣ ይችላል።

«የቁርጭምጭሚት ግፊት ልኬቴ ጥሩ ስለሆነ ቧንቧዬ ጤነኛ ነው»

የቁርጭምጭሚት ግፊት ለክንድ ግፊት ሲካፈል 0.90 ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ጥበት አለ። የስኳር ወይም የኩላሊት ሕመም ባለበት ሰው ግን ቧንቧው በካልሲየም ደድሮ በመለኪያው ላይጨመቅ ይችላል፤ ያኔ ውጤቱ ያለ አግባብ ከፍ ይላል። ከ1.40 በላይ ከወጣ የእግር አውራ ጣት ግፊት መለካት አለበት።

«ስቴንት የትም ቦታ ይገባል»

ዳሌ ውስጥ ያለው ቧንቧ ሰፊ ስለሆነ ስቴንቱ ለረጅም ጊዜ ክፍት ሆኖ ይቆያል። ብሽሽትና ቋንጃ ግን በተቀመጡና በተነሱ ቁጥር ስለሚታጠፉ ብረቱ ሊሰበር ይችላል፤ ሐኪሞች በተቻለ መጠን እዚያ አያስቀምጡም። ከጉልበት በታች ብዙውን ጊዜ በባሉን (ቧንቧው ውስጥ በሚነፋ ትንሽ ፊኛ) ማስፋት ብቻ ይበቃል።

«ከባድ ቀዶ ሕክምና ነው»

አብዛኛውን ጊዜ ብሽሽት ላይ ብቻ ይደነዝዛል፤ በመርፌ ቀዳዳ ቀጭን ሽቦ ገብቶ በራጅ እየታየ ጥበቱን ያልፋል፣ ባሉን ያሰፋዋል፣ ስቴንቱ ይቀመጣል። ከዚያ እግርን ሳያጥፉ ለጥቂት ሰዓታት መተኛት ነው። ቀዳዳው ካበጠ ወይም ከደማ አጥብቀው ተጭነው ወዲያው እርዳታ ይጥሩ። ለራጁ የሚሰጠው ፈሳሽ ኩላሊት ሊጎዳ ስለሚችል የኩላሊት ምርመራ ይቀድማል፤ ሜትፎርሚን የተባለውን የስኳር መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነም አስቀድመው ይናገሩ።

«ስቴንት ገባልኝ፣ ድኛለሁ»

ከሁሉም የሚጎዳው ይህ ነው። ስቴንት የሚከፍተው አንድ ቦታ ነው፤ በሽታው የልብና የአንጎል ቧንቧዎችንም ይይዛል። በስቴንቱ ውስጥ ሥጋ አድጎ መልሶ ሊያጠበውም ይችላል፣ በተለይ በመጀመሪያው ዓመት። ስለዚህ ሲጋራ ይቁም፣ ስታቲን (ኮሌስትሮል የሚቀንሰው መድኃኒት) ይቀጥል። ደም እንዳይረጋ የሚሰጡት አስፒሪን ወይም ክሎፒዶግሬል ለጥርስ መንቀል እንኳ ስቴንቱን ያስገባውን ሐኪም ሳይጠይቁ አይቋረጥ፤ ደም ስቴንቱ ውስጥ ሊረጋ ይችላል። እግር በድንገት ከታመመ፣ ከቀዘቀዘ፣ ከገረጣና ከደነዘዘ እስኪነጋ አይጠበቅም፤ ጡንቻ ያለ ደም የሚቆየው ለጥቂት ሰዓታት ብቻ ነው።