የፀሐይ ኃይል ጅማሮ በኢትዮጵያና የሰሜን ሸዋ ድርሻ

በአማራ ክልል ሰሜን ሸዋ ዞን፣ ከአዲስ አበባ በስተሰሜን 240 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ የምትገኘው ሬማ በኢትዮጵያ የፀሐይ ኃይል ታሪክ ስሟ ደጋግሞ የሚነሳ የገጠር መንደር ናት። ስለ እርሷም ሆነ በአገሪቱ ከእርሷ በፊትና በኋላ ስለተሠራው ሥራ በአማርኛ አንድ ላይ ተሰባስቦ የሚነበብ ጽሑፍ ግን እምብዛም የለም። ይህ ዳሰሳ ያንን ክፍተት በመጠኑም ቢሆን ለመሙላት የተዘጋጀ ነው። የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።

የአገሩ ፀሐይ

በኢትዮጵያ አንድ ካሬ ሜትር ስፋት ባለው ሜዳማ መሬት ላይ በየቀኑ በአማካይ 5.2 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ የፀሐይ ጉልበት ያርፋል። ይህ መጠን በየካቲትና በመጋቢት ወደ 5.5 ከፍ ይላል፤ በሐምሌ ደግሞ ወደ 4.5 ይወርዳል። በበጋና በክረምት መካከል ያለው ልዩነት ይህን ያህል ጠባብ መሆኑ ትልቅ ጸጋ ነው፤ ክረምታቸው ጨለማ በሆነባቸው የሰሜን አውሮፓ አገሮች የታኅሣሥ ፀሐይ ከሰኔዋ ጋር ሲነጻጸር እጅግ ጥቂት ነው።

ሰሜን ሸዋ በዚህ ረገድ ሁለት መልክ አለው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,840 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች። መንዝና አካባቢውም ብርዳቸው የታወቀ ነው። ብርድ ለሰውና ለሰብል ቢከብድም ለፀሐይ ፓኔል ይስማማዋል፤ ከሲሊከን የሚሠራው ፓኔል ሙቀቱ በአንድ ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ከኃይሉ 0.4 በመቶ ገደማ ስለሚያጣ፣ ያው ፓኔል ያው ብርሃን እያረፈበት ከቆላ ይልቅ በደጋ የተሻለ ያመነጫል። በሌላ በኩል ጣርማ በር ላይ በክረምት የሚወርደው ጭጋግ መንገደኛ ፊቱን እንዳያይ የሚያደርግ ነው። ሐምሌና ነሐሴም በደጋው ሁሉ ደመና የሚበዛባቸው ወራት ናቸው። ስለዚህ በዞኑ የሚተከል መሣሪያ መጠኑ ሊሰላ የሚገባው በጥር ፀሐይ ሳይሆን በሐምሌ ፀሐይ ነው።

የፓኔሉ አቀማመጥም የራሱ ሒሳብ አለው። ዞኑ ከምድር ወገብ በስተሰሜን በ10 ዲግሪ አካባቢ ስለሚገኝ ፀሐይ በታኅሣሥ ወደ ደቡብ ታዘነብላለች፤ በግንቦትና በሰኔ ደግሞ አናትን አልፋ ወደ ሰሜን ትሻገራለች። በዚህ ምክንያት ፓኔሉ ወደ ደቡብ ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ያህል ብቻ ዘንበል ብሎ ቢተከል ዓመቱን ሙሉ ጥሩ ያገለግላል። ይህችው ጥቂት ዝንባሌ የዝናብ ውሃ የበጋውን አቧራ አጥቦ እንዲወርድ ትረዳለች።

የመጀመሪያዎቹ መሣሪያዎች

በኢትዮጵያ የፀሐይ ኤሌክትሪክ የገባው በ1980ዎቹ አጋማሽ ለገጠር ቤቶችና ለትምህርት ቤቶች መብራት ነበር። ከሁሉ የሚጠቀሰው በ1985 በመካከለኛው የአገሪቱ ክፍል በአንድ መንደር የተተከለው የ10.5 ኪሎዋት ጣቢያ ሲሆን፣ በመንደሩ ውስጥ በተዘረጋ መስመር ለ300 ቤተሰቦች መብራት ይሰጥ ነበር። ሲካፈል ለአንድ ቤተሰብ የሚደርሰው 35 ዋት ነው። ጣቢያው በ1989 ወደ 30 ኪሎዋት አድጎ የውሃ ፓምፕና የእህል ወፍጮ እንዲያንቀሳቅስ ተደረገ።

ከዚያ በኋላ በነበሩት ሁለት አሥርት ዓመታት የፀሐይ ኃይል ዋነኛ ተጠቃሚ የሆነው ቴሌ ነው፤ መስመር በማይደርስባቸው ተራሮች ላይ ለተተከሉ የመገናኛ ጣቢያዎች ፓኔል ከናፍጣ ጄኔሬተር የተሻለ አማራጭ ነበር። የክትባት መድኃኒት የሚያቀዘቅዙ የጤና ተቋማት ማቀዝቀዣዎችም ይከተላሉ። በ2009 አካባቢ በአገሪቱ ተተክሎ የነበረው ፓኔል በድምሩ 5 ሜጋዋት ገደማ ሲገመት፣ አብዛኛው የቴሌ ነበር።

ሬማ

ሬማ ላይ የሆነው ነገር ከዚህ ሁሉ የሚለየው ኃይሉ ወደ እያንዳንዱ ቤት በመግባቱ ነው። ሥራውን የጀመረው መቀመጫውን በጀርመን አገር ያደረገውና በሃራልድ ሹትሳይክል የተመሠረተው የፀሐይ ኃይል ፋውንዴሽን ሲሆን፣ በኢትዮጵያ የነበረውን እንቅስቃሴ የመሩት ሳምሶን ጸጋዬ ናቸው። ከ2000ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በሬማና በአጎራባቿ ድሬ ከ2,000 በላይ የቤት ውስጥ መሣሪያዎች ተተከሉ። ፋውንዴሽኑ በዚህ ሥራ በ2009 በእንግሊዝ አገር የሚሰጠውን የአሽደን ሽልማት ተሸልሟል፤ ክብሩ የፋውንዴሽኑ ብቻ ሳይሆን ቤታቸውን ለሙከራ የከፈቱት የሬማ ነዋሪዎችም ነው።

ለአንድ ቤት የሚሰጠው መሣሪያ እጅግ ትንሽ ነበር። ፓኔሉ 10 ዋት ነው፤ ስፋቱ ከአንድ ትልቅ ትሪ ብዙም አይበልጥም። ከእርሱ ጋር አንድ ባትሪ፣ የባትሪውን አሞላልና አጠቃቀም የሚቆጣጠር አንድ ኮንትሮለርና አራት ኤልኢዲ አምፖሎች ይገጠማሉ። እያንዳንዱ አምፖል የሚበላው 1 ዋት ያህል ብቻ ነው። አራቱም አምፖሎች ማታ ማታ ለ4 ሰዓት ቢበሩ የሚፈጁት 16 ዋት ሰዓት ነው፤ ፓኔሉ ግን ጥሩ ፀሐይ ባለበት ቀን ከዚህ እጥፍ በላይ ሊያስገባ ይችላል። የተረፈው ለደመናማ ቀናት መጠባበቂያ ይሆናል። ይህ ስሌት ሊሠራ የቻለው ኤልኢዲ ስለመጣ ነው፤ ያንኑ ብርሃን በቀድሞው የክር አምፖል ለማግኘት ቢሞከር ፓኔሉም ባትሪውም በብዙ እጥፍ ማደግ ነበረባቸው፤ ዋጋውም የማይቀመስ ይሆን ነበር።

በቤት ውስጥ ሽቦው የሚሄድበት መንገድ የአካባቢውን አኗኗር የተከተለ ነው። የሳር ክዳን ፓኔልን አጥብቆ መያዝ አይችልም፤ ክዳኑም በየጥቂት ዓመቱ ስለሚታደስ ፓኔሉ ብዙውን ጊዜ ከቤቱ አጠገብ በሚቆም ረጅም እንጨት ላይ ይታሰራል። በቆርቆሮ ቤት ግን ከክዳኑ ላይ ይቸነከራል። አንዱ አምፖል እንግዳ ከሚቀመጥበት መደብ በላይ፣ ሌላው ከምድጃው አጠገብ፣ ሌላው ከብቶቹ ከሚያድሩበት ጋጣ ይሰቀላል፤ ሌሊት ላም ስትወልድ ወይም ጅብ ሲያንዣብብ ኩራዝ ይዞ ወደ ጭድ መግባት ምን ያህል አደገኛ እንደሆነ የገጠር ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ግድግዳ ላይ የሚንጠለጠለው ኮንትሮለር የባትሪውን ሁኔታ በመብራት ምልክት ያሳያል፤ ባትሪው ከልክ በላይ እንዳይደክም ራሱ ያቋርጣል። ከፓኔሉ ወደ ባትሪው የሚሄደው ሽቦ ማጠር አለበት፤ በ12 ቮልት ረጅምና ቀጭን ሽቦ ብዙ ኃይል ያባክናልና።

የኩራዝ ዘመን ምን ይመስል እንደነበር ለአካባቢው አንባቢ መንገር አያስፈልግም። ነጭ ጋዝ ከገበያ በጠርሙስ ይመጣል፤ ጥላሸቱ ጣሪያና አፍንጫ ያጠቁራል፤ ተማሪው ደብተሩን ወደ ነበልባሉ አስጠግቶ ያነባል። መንግሥት በ2008 የነዳጅ ድጎማውን ሲያነሳ የነጭ ጋዝ ዋጋ በመጨመሩ ይህች ደካማ ብርሃን እንኳ ውድ ሆነች። ሬማ ያን ጊዜ ፀሐይዋን ጀምራ ነበር።

ሬማ «የኢትዮጵያ የመጀመሪያዋ የፀሐይ መንደር» መባሏ አከራካሪ ሊሆን ይችላል። በ1985 የተተከለው የመንደር ጣቢያ በዕድሜ ይቀድማታል፤ ይህ መካድ የለበትም። ሆኖም ያኛው አንድ ጣቢያ መስመር ዘርግቶ ለብዙዎች የሚያከፋፍልበት ሲሆን፣ ቤቶቹ በሙሉ ለማለት በሚያስደፍር ደረጃ እያንዳንዳቸው የራሳቸውን ፓኔል የያዙባት መንደር በመሆን ሬማ ፈር ቀዳጅ ናት። «በምሥራቅ አፍሪካ ትልቋ የፀሐይ መንደር» የሚለው አባባልም በጊዜው በስፋት ይነገር ነበር።

ትምህርት ቤቱና የጥገናው ነገር

ከመሣሪያዎቹ ይልቅ ዘላቂ ዋጋ ያለው ሥራ በሬማ የተከፈተው የፀሐይ ኃይል ባለሙያዎች ማሠልጠኛ ነው። ሠልጣኞቹ ከተለያዩ የአገሪቱ ክፍሎች እየመጡ የመትከልና የመጠገን ሙያ ተምረው ወደየአካባቢያቸው ተመልሰዋል፤ በየገጠር ከተማው የተከፈቱ የፀሐይ ማዕከላትንም እነርሱው ይዘው ሠርተዋል። የዋና ከተማ ባለሙያ የገጠሩን ያስተምራል የሚለው የተለመደ አካሄድ እዚህ ተገልብጦ፣ አንድ የሰሜን ሸዋ የገጠር መንደር ለአገር ባለሙያ አፍርቷል። ይህ ከሚገባው በታች የተነገረለት ነው።

ጥገናው ዋና ጉዳይ የሆነው በባትሪ ምክንያት ነው። ፓኔል ከ20 ዓመት በላይ ሊያገለግል ይችላል፤ የእርሳስ ባትሪ ግን በጥሩ አያያዝም ቢሆን ከ3 እስከ 5 ዓመት ገደማ ብቻ ነው። በሬማ ነዋሪው መሣሪያውን ቢያገኝም ለጥገናና ለባትሪ መተኪያ የሚሆን አነስተኛ ወርኃዊ ክፍያ እንዲከፍል የተደረገው ለዚህ ነው። በሌሎች ቦታዎች የተሰጡ በርካታ መሣሪያዎች ባትሪያቸው በሞተ ጊዜ የሚተካላቸው አጥተው ቆመዋል። ኮንትሮለሩ «አበቃ» ብሎ ሲያቋርጥ ሽቦውን በቀጥታ ከባትሪው ላይ የማሰር ልማድም ባትሪን ከሚገድሉት ነገሮች ቀዳሚው ነው።

ከስጦታ ወደ ብድር

መሣሪያ በስጦታ ይሰጥ ወይስ ይሸጥ የሚለው ክርክር የተጀመረው በዚሁ ዘመን ነው። ስጦታን የሚደግፉ ወገኖች የገጠር ገበሬ ሙሉውን ዋጋ በአንድ ጊዜ የሚከፍልበት አቅም እንደሌለው ያነሳሉ፤ ሽያጭን የሚደግፉት ደግሞ በነጻ የተገኘ ነገር ገበያውን እንደሚያዳክምና ነጋዴ እንዳይገባ እንደሚያደርግ ይናገራሉ። የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅ እምነት ሁለተኛው ሐሳብ ትክክል የሆነው ብድር እስካለ ድረስ ብቻ ነው የሚል ነው። ፋውንዴሽኑ ራሱ ከሬማ በኋላ በተዘዋዋሪ ብድር፣ ማለትም አንዱ የመለሰው ገንዘብ ለሌላው በሚበደርበት አሠራር፣ ወደ መሸጥ ተሸጋግሯል።

በመንግሥት በኩል የገጠር ኤሌክትሪፊኬሽን ፈንድ በ2003 በአዋጅ ተቋቁሞ ነበር። ከ2012 በኋላ በዓለም ባንክ ድጋፍ በኢትዮጵያ ልማት ባንክ በኩል ለአስመጪዎችና ለማይክሮ ፋይናንስ ተቋማት የብድር መስመር ተከፈተ፤ በእጅ የሚያዙ የፀሐይ ፋኖሶች በየገበያው የተስፋፉትም በዚህ ዘመን ነው። ከእነርሱ ጋር በላያቸው የተጻፈው ዋት ከእውነተኛው የማይገናኝ ርካሽ ፓኔሎችም ገብተዋል፤ የውጭ ምንዛሪ እጥረት ደግሞ ጥራት ያለው ዕቃ የሚያስመጡትን ነጋዴዎች ደጋግሞ አስቁሟቸዋል። ያም ሆኖ በ2018 ይፋ በሆነ ጥናት መሠረት ከኢትዮጵያ ቤተሰቦች 57 በመቶው ኤሌክትሪክ ያገኝ ነበር፤ ይኸውም ከጠቅላላው ቤተሰብ 33 በመቶው ከዋናው መስመር፣ 24 በመቶው ደግሞ ከመስመር ውጪ ከሆኑ ምንጮች ነው፤ ከእነዚህም አብዛኛው ፀሐይ ነው። በ2019 የወጣው ሁለተኛው ብሔራዊ የኤሌክትሪፊኬሽን ፕሮግራም በ2025 ለሁሉም ዜጋ ኤሌክትሪክ ለማድረስ ሲያቅድ 35 በመቶውን ከመስመር ውጪ ለሆኑ መፍትሔዎች መድቦ ነበር።

ታላላቆቹ ዕቅዶች

የሜጋዋት ጣቢያዎች ታሪክ አጭር ነው። በ2017 የመተሐራ የ100 ሜጋዋት ፕሮጀክት ጨረታ በጣሊያኑ ኤኔል ለሚመራው ቡድን ተሰጠ። በ2019 የሳዑዲው አክዋ ፓወር በሶማሌ ክልል ጋድ እና በአፋር ክልል ዲቼቶ እያንዳንዳቸው 125 ሜጋዋት የሚያመነጩ ሁለት ጣቢያዎችን ለመገንባት በኪሎዋት ሰዓት 2.526 የአሜሪካ ሳንቲም አቅርቦ አሸነፈ፤ ዋጋው በጊዜው በአፍሪካ ደረጃ እጅግ ዝቅተኛ የሚባል ነበር። ሦስቱም በታሰበላቸው ጊዜ አልተገነቡም። አገሪቱ ከ90 በመቶ በላይ ኤሌክትሪኳን ከውሃ የምታገኝ በመሆኗ፣ ወንዞች በሚደክሙበት በበጋ የምትበረታውን ፀሐይ ከግድቦቹ ጋር አጣምሮ መጠቀም ግልጽ ጥቅም አለው።

መስኖ

በቆላው በኩል ያለው ፍላጎት ከመብራት አልፏል። በሸዋ ሮቢትና በቀወት አካባቢ ሽንኩርት የሚያመርቱ ገበሬዎች ውሃ የሚስቡት በአብዛኛው በነዳጅ በሚሠራ ፓምፕ ነው፤ ነዳጅ ሲጠፋ ወይም ሲወደድ ማሳው ይደርቃል። የፀሐይ ፓምፕ ባትሪ ሳይፈልግ ቀን በቀን ውሃውን ከፍ ወዳለ ታንከር ይሞላል፤ ገበሬው ማታም ሆነ ጠዋት ከታንከሩ ወደ ቦዩ ይለቀዋል። ሰብሉ ውሃ አብዝቶ በሚጠማበት ወቅት ፀሐይዋም ጠንካራ ስለሆነች ፍላጎትና አቅርቦት ይገናኛሉ። ችግሩ የመግዣው ዋጋ ነው፤ የናፍጣ ፓምፕ ሲገዙት ርካሽ ሆኖ ወጪው በየሳምንቱ ይመጣል፣ የፀሐዩ ግን ወጪው በሙሉ በመጀመሪያው ቀን ነው። ስለዚህ ለመስኖ የሚሰጥ ብድር የመክፈያ ጊዜው ከሽንኩርቱ ምርት መሰብሰቢያ ጋር መገጣጠም ይኖርበታል፤ በየወሩ እኩል ክፍያ የሚጠይቅ ውል ለደመወዝተኛ እንጂ በዓመት ሁለት ጊዜ ገንዘብ ለሚያይ ገበሬ አይመቸውም።