የትኛው ልጅ ይበልጣል? ስለ ታዳጊዎች ምልመላ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ጅማ ውስጥ ታዳጊዎችን እግር ኳስ የሚያሠለጥን ሰው ሁሉ በየልምምዱ የሚቀርብለት ጥያቄ አለ፤ «ከእነዚህ ልጆች ነገ ኮከብ የሚሆነው የትኛው ነው?» ጠያቂው መልስ ሳይጠብቅ ራሱ ይጠቁማል። የሚጠቁመውም ረጅሙን፣ ጉልበተኛውን፣ በዕለቱ ሦስት ግብ ያስቆጠረውን ልጅ ነው። ወላጅ እንዲህ ቢል አልፈርድበትም። የክለብ መልማይ ነኝ የሚል ሰው ሲደግመው ግን ትዕግሥቴ ያልቃል።

«ዛሬ የበለጠ ነገም ይበልጣል።»

ከሁሉም የከፋው ይህ ነው። ወንዶች ልጆች ቁመታቸው ተወርውሮ የሚያድገው በአማካይ 14 ዓመት አካባቢ ነው፤ አንዱ ግን በ12 ይጀምራል፣ ሌላው 16 እስኪሞላው ይዘገያል። በአንድ ቀን የተወለዱ ሁለት ልጆች በሰውነት ብስለት የሦስትና የአራት ዓመት ልዩነት ሊኖራቸው ይችላል ማለት ነው። ቀድሞ የበሰለው ተከላካዩን በትከሻው ገፍቶ ሲያልፍ ሜዳው በጭብጨባ ይሞላል። ያጨበጨብነው ግን ለጡንቻው ነው። ሌሎቹ በቁመትና በክብደት ሲደርሱበት ብልጫው ይጠፋል፤ እስከዚያ ድረስ በጉልበት ይበቃው ስለነበር ኳስ መቆጣጠርንም ሆነ ቀድሞ ማሰብን አልተማረም።

የማሠለጥናቸው ሁለት ልጆች ነበሩ፤ አንዱ ከሂርማታ ሰፈር፣ ሌላው ከቆጪ ሰፈር። የሂርማታው በ14 ዓመቱ ጢም አቀምቅሟል፤ እሱን ለማየት ከሌላ ሰፈር ሰው ይመጣ ነበር። የቆጪው ልጅ ማሊያው እስከ ጉልበቱ ይደርሳል፣ በአየር ላይ ኳስ አንድም ቀን አሸንፎ አያውቅም። ነገር ግን ኳስ ወደ እሱ ከመምጣቷ በፊት አንገቱን አንዴ ወደ ቀኝ፣ አንዴ ወደ ግራ ያዞራል፤ ስትደርሰውም በመጀመሪያ ንክኪው ተጋጣሚ ወደሌለበት ያስቀምጣታል። አንድ መልማይ መጣ፣ ግማሽ ሰዓት አየ፣ የሂርማታውን ይዞ ሄደ። ያ ልጅ ከዚያ በኋላ አንድ ጣት እንኳ አልጨመረም፤ በ19 ዓመቱ እግር ኳስን ተወ። የቆጪው 17 ዓመት ሲሞላው ተመዘዘ፤ አሁን ከፕሪሚየር ሊጉ ቀጥሎ ባለው በከፍተኛ ሊግ ይጫወታል።

በዚህ ላይ ምልመላው የሚካሄደው ትምህርት ቤት ሲዘጋ ነው። በሐምሌና በነሐሴ የጅማ ሜዳ ምን እንደሚመስል የከተማው ሰው ያውቃል። ጭቃ ላይ ኳስ አትንከባለልም፤ አጭር ቅብብል ይሞታል፣ ረጅም የሚጠልዝና ተጋፍቶ የሚጥል ይነግሣል። ልጅ መምረጥ የፈለገ በጥር፣ ሜዳው ደረቅ ሲሆን ይምጣ። አንድን ልጅም በተለያየ ቦታ ቢያንስ ሦስት ጊዜ ይየው።

«ልምድ ያለው ዓይን አይሳሳትም።»

ይሳሳታል። የሰሜን አሜሪካን የበረዶ ሆኪ ሊግ ተመልከቱ። እዚያ ክለቦች የ18 ዓመት ወጣቶችን ተራ በተራ ይመርጣሉ፤ ለዚሁ ሥራ ደመወዝ የሚከፈላቸው፣ ዓመቱን ሙሉ የሚዞሩ መልማዮች አሏቸው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1999 አንደኛ የተመረጠው ፓትሪክ ሽቴፋን በ26 ዓመቱ ከሊጉ ወጣ። በዚያው ዓመት 210ኛ የተመረጠው ሄንሪክ ዜተርበርግ በ2008 ከዲትሮይት ክለብ ጋር የሊጉን ዋንጫ፣ የስታንሊ ዋንጫን አነሣ፤ የማጠቃለያ ውድድሩ ምርጥ ተጫዋችም ተባለ። የቡድን ጓደኛው ፓቬል ዳትሱክ በ1998 የተመረጠው 171ኛ ሆኖ ነው። ሙያው ያ ሁሉ ገንዘብና ጊዜ ፈስሶበት እንዲህ ከሳተ፣ በግማሽ ሰዓት «ይሄ ልጅ አይሆንም» ብሎ መፍረድ ድፍረት ነው።

«ትንሽ ልጅ ለፕሮፌሽናልነት አይበቃም።» አንቷን ግሪዝማንን የፈረንሳይ ክለቦች በቁመቱ ምክንያት መለሱት፤ ስፔን ሄዶ አደገ፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2018 ከፈረንሳይ ጋር የዓለም ዋንጫን አነሣ።

«ሴቶችንም በወንዶቹ መለኪያ እንይ።» የሴቶቹ ፈጣን እድገት በ12 ዓመት አካባቢ ነው። መለኪያው የራሳቸው ይሁን።

«ዋናው ቡድን ካሸነፈ ታዳጊው ራሱ ይመጣል።» ጅማ አባ ጅፋር ወደ ፕሪሚየር ሊጉ ባደገበት በ2010 ዓ.ም. ዋንጫውን ሲያነሣ ከተማው እንዴት እንደጨፈረ አንረሳውም። የቡድኑ ዋና ግብ አስቆጣሪ ግን ከእኛ ታዳጊዎች የወጣ ሳይሆን ናይጄሪያዊ ነበር፤ በ2014 ዓ.ም. ደግሞ ክለቡ ከሊጉ ወረደ።

«ልጁ ደከመ፣ ችሎታው ወርዷል።» ቁመት ሲወረወር ልጅ እግሩ ይተሳሰርበታል፤ ትናንት ያቆማት የነበረችው ኳስ ዛሬ ታመልጠዋለች። ከጉልበቱ ሎሚ በታች ወይም ተረከዙ ላይ ሕመም ሊሰማው ይችላል። ስለዚህ በየሦስት ወሩ ለኩ፤ ጫማ አውልቆ፣ ተረከዙን ከግድግዳ አስጠግቶ፣ ሁልጊዜ ጠዋት። በሦስት ወር ከሁለት ሴንቲሜትር በላይ ከጨመረ ዝላይና ሩጫ ቀንሱለት፣ ከቡድኑ ግን አታስወጡት። የእናቱንና የአባቱን ቁመትም መዝግቡ፤ ወዴት እንደሚያድግ ከፊሉን ይነግራችኋል።

«በዚያው ዓመት ከተወለዱ እኩዮች ናቸው።» እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1980ዎቹ ካናዳ ውስጥ የሆኪ ተጫዋቾች የልደት ወር ሲመረመር፣ ከተመረጡት ወጣቶች መካከል በዓመቱ የመጀመሪያ ወራት የተወለዱት በጣም በዝተው ተገኙ። አሥር አሥራ አንድ ወር የሚበልጠው ልጅ ተሰጥኦ ያለው መስሎ ታየ ማለት ነው። እኛ ጋ ሌላ ስሕተት ይጨመርበታል፤ መዝጋቢው የልደት ዓመቱ ላይ ስምንት ደምሮ ወደ አውሮፓ አቆጣጠር ይለውጣል። በመስከረም 2001 ዓ.ም. የተወለደ ልጅ ግን የ2008 ልጅ ነው፤ ስምንት ከተደመረበት በወረቀት ላይ አንድ ዓመት ያንሳል፣ ከታናናሾቹ ጋር ተሰልፎም «ኮከብ» ይባላል። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ የመጨረሻው ሳምንት መግቢያ ለተወለደ የሚደመረው ሰባት ነው። ቅጹ ላይ ቀኑንና ወሩን ሳትጽፉ ማንንም ከማንም ጋር አታወዳድሩ።